ክራንክ ሻፍትን ለከፍተኛ ዙር ማዘጋጀት፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሞተሩና ዓላማው

የምሠራበት ሞተር የቶዮታው 4ኤ-ጂኢ ነው። አራት ሲሊንደር በአንድ መስመር፣ 16 ቫልቭ፣ 1.6 ሊትር። የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊ ሜትር፣ የፒስተኑ ምልልስ ደግሞ 77 ሚሊ ሜትር ነው። ስፋቱ ከምልልሱ ስለሚበልጥ ገና ከፋብሪካ ሲወጣ ዙር የሚወድ ሞተር ነው። ክራንክ ሻፍቱም (የፒስተኖቹን ምልልስ ወደ መዞር የሚቀይረው ዘንግ) ተቀጥቅጦ የተሠራ ብረት እንጂ ቀልጦ በቅርጽ የፈሰሰ አይደለም። የመረጥኩት በዚህ ምክንያት ነው።

የፋብሪካው ቀይ መስመር (ሞተሩ እንዳያልፈው የተወሰነው ከፍተኛ ዙር) በደቂቃ 7,500 አካባቢ ነው። እኔ የምፈልገው 8,500 ነው። ያውም ለአፍታ ደርሶ የሚመለስ ሳይሆን በውድድር ሜዳ ላይ ደጋግሞ የሚቆይበት 8,500።

ብረት ከመንካቴ በፊት ወረቀትና እርሳስ ይዤ ተቀመጥኩ። በዙሩ ላይ የጨመርኩት 13 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ክራንኩን የሚጎትተው ኃይል ግን የሚያድገው በዙሩ ልክ ሳይሆን ዙሩ በራሱ ተባዝቶ ነው። 8,500ን ለ7,500 አካፍዬ በራሱ ሳባዛው 1.28 መጣ። 13 በመቶ ዙር ስጨምር 28 በመቶ ጭነት እጨምራለሁ ማለት ነው።

የፒስተኑ አማካይ ፍጥነት ከ19.25 ወደ 21.8 ሜትር በሰከንድ ይወጣል። ይህ በጥሩ ፒስተንና ቢየላ (ፒስተኑን ከክራንኩ ጋር የሚያገናኘው ክንድ) የሚቻል ነው። የሚያስፈራው ፒስተኑ ጫፍ ላይ ደርሶ ሲመለስ የሚገጥመው ፍጥንጥነት ነው። የቢየላው ርዝመት 122 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በ8,500 ዙር ቁጥሩ 40,000 ሜትር በሰከንድ ስኩዌር አካባቢ ይሆናል። የመሬት ስበትን 4,000 ጊዜ ያህል የሚያጥፍ ነው። ፒስተኑን ከፒኑ፣ ከፋሻዎቹና ከቢየላው የላይኛ ክፍል ጋር ግማሽ ኪሎ ብንለው፣ የቢየላውን አንገት (ቢየላው ክራንኩን የሚይዝበትን ክብ ክፍል) 2 ቶን በሚጠጋ ኃይል ወደ ላይ ይስበዋል። ይህ በእያንዳንዱ ሲሊንደር በሰከንድ ከ140 ጊዜ በላይ ይደጋገማል።

ክራንክ ሻፍት ላይ ስለምሠራው ነገር ሁሉ የወሰንኩት ይህን ቁጥር እያየሁ ነው።

ቅዳሜ፦ መፍታት

ዋና ካፖቹን (ክራንኩን ከብሎኩ ጋር የሚያስሩትን ክዳኖች) ከመፍታቴ በፊት ክራንኩ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚንቀሳቀስ በዳያል ጌጅ ለካሁ። 0.14 ሚሊ ሜትር። ፋብሪካው እስከ 0.22 ይፈቅዳል፤ ደህና ነው። ይህ ልኬት ከተፈታ በኋላ አይገኝምና መጀመሪያ መያዝ አለበት።

ካፖቹ ላይ ቁጥርና ቀስት አለ። ቢየላዎቹን ግን እኔ ራሴ ምልክት አደረግኩባቸው። አንዱን ካፕ ወደ ሌላው ቢየላ መግጠም አይቻልም፤ ቀዳዳው የተቆረጠው ሁለቱ አንድ ላይ ታስረው ስለሆነ ክቡነቱ ይጠፋል።

ብሮንዚናዎቹን (አንገቶቹ የሚዞሩባቸውን ስስ ማረፊያዎች) በተራ ደረደርኳቸው። ብሮንዚና ሞተሩ እንዴት እንደኖረ ይናገራል። አንደኛውና አምስተኛው ብዙም አልተነኩም። ሦስተኛው፣ ማለትም የመሃሉ፣ የታችኛው ክፍሉ ከሌሎቹ ይልቅ ተወልውሎ አብረቅርቋል። አልተቧጨረም፣ አልተላጠም። ግን ጭነቱ የት እንዳረፈ ግልጽ ነው። ምክንያቱን ካውንተርዌይቶቹ (ክራንኩ ላይ ከቢየላ አንገቶቹ በተቃራኒ ያሉት ክብደቶች) ጋ ስደርስ እጽፈዋለሁ።

ምርመራ

ክራንኩ ታጥቦ ከደረቀ በኋላ የመጀመሪያው ጥያቄ ስንጥቅ አለው ወይ የሚለው ነው። የተሰነጠቀ ክራንክ ላይ የሚፈስ ድካም ሁሉ ከንቱ ነው። ስለዚህ ከማንኛውም ሥራ በፊት የማግኔት ምርመራ ተደረገለት። ክራንኩ ማግኔት እንዲሆን ይደረግና ጥቃቅን የብረት ብናኝ ያለበት ፈሳሽ ይፈስበታል። ስንጥቅ ባለበት ቦታ የማግኔቱ መስመር ስለሚቋረጥ ብናኙ እዚያ ይሰበሰባል። በአልትራቫዮሌት መብራት ሲታይ እንደ ደማቅ ክር ይወጣል።

ትኩረቴ ሁለት ቦታ ላይ ነበር። አንዱ ፊሌቱ ነው፤ አንገቱ ከጎኑ ግድግዳ ጋር የሚገናኝበት ክብ ማዕዘን። ሌላው የዘይት ቀዳዳው ከንፈር። የብረት ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከእነዚህ ነው። የእኔው ንጹህ ሆኖ ተገኘ። ከምርመራው በኋላ ማግኔቱ እንዲጠፋ ማድረግ ግድ ነው። ካልጠፋ ክራንኩ ሞተሩ ውስጥ የሚዞረውን የብረት ብናኝ ሁሉ ወደ ራሱ እየሳበ ብሮንዚናውን ያስበላዋል።

ቀጥሎ መታጠፉን አየሁ። ሁለቱን ጫፎች በቪ-ብሎክ ላይ አስቀምጬ ዳያሉን የመሃሉ አንገት ላይ አሳረፍኩ። ቀስ ብዬ ሳዞረው ዳያሉ የተንቀሳቀሰው 0.02 ሚሊ ሜትር ነው። ገደቡ 0.06 ነው። ዋና አንገቶቹ (ክራንኩ በብሎኩ ላይ የሚዞርባቸው) 47.985 እና 47.990 መካከል፣ የቢየላ አንገቶቹም 41.990 አካባቢ ወጡ። እያንዳንዱን አንገት በሁለት ቦታና በሁለት አቅጣጫ ለክቻለሁ፤ አንድ ልኬት ብቻውን አንገቱ ሞላላ መሆኑን ወይም ወደ አንድ ጎን መቅጠኑን አያሳይም።

ይህ ውጤት ትልቅ ነገር ወሰነልኝ፦ ሬቲፊካ (አንገቱን በማሽን መላጨት) አያስፈልገውም። አንገት ሲላጭ ይቀጥናል፣ ጥንካሬውም ይቀንሳል። የባሰው ደግሞ ፊሌቱን በቀድሞው ክብነት መልሶ መቅረጽ የሚችል እጅ ካልተገኘ ሹል ማዕዘን ይቀራል። ሹል ማዕዘን በ8,500 ዙር የስንጥቅ መነሻ ነው። አንገቱ ጤነኛ ከሆነ በፋብሪካ ልኩ መተው ይሻላል።

ካውንተርዌይቶቹ፦ ምን ይቆረጥ?

ሰው ክራንክ "ተሠራ" ሲባል መጀመሪያ የሚመጣለት ካውንተርዌይቶቹ እንደ ቢላ ተስለው፣ ክብደቱ ተቀንሶ ነው። ፎቶ ላይ በጣም ያምራል። እኔም ብዙ አሰብኩበት። በመጨረሻ አልቆርጥም አልኩ። ምክንያቱን ሰፋ አድርጌ ልጻፈው፤ የዚህ ሥራ ዋናው ውሳኔ ይህ ነውና።

በአራት ሲሊንደር መስመር ሞተር አንደኛውና አራተኛው ፒስተን ላይ ሲሆኑ ሁለተኛውና ሦስተኛው ታች ናቸው። በአጠቃላይ ሲታይ ኃይሎቹ ይጣፋሉ፤ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል። ካውንተርዌይት ባይኖረው እንኳ ክራንኩ ባላንስ ማሽን ላይ ልክ ሆኖ ሊወጣ ይችላል። ስለዚህ "ባላንሱ እስካልተበላሸ ድረስ ብንቀንሰው ምን ችግር አለ?" የሚል ጥያቄ ይነሳል።

ችግሩ ያለው በውስጥ ነው። ኃይሎቹ የሚጣፉት በክራንኩ ብረት ውስጥ ካለፉ በኋላ ነው። ሁለተኛውና ሦስተኛው የቢየላ አንገት ጎን ለጎን ሆነው ወደ አንድ አቅጣጫ ይጎትታሉ፣ በመካከላቸው ያለው ደግሞ ሦስተኛው ዋና አንገት ነው። የሁለቱን ጉተታ የሚሸከመው እሱ ነው። ካውንተርዌይት እያንዳንዱን ጉተታ እዚያው ቦታው ላይ በተቃራኒ ክብደት ያስታግሳል። ክብደቱን ስቀንስ ማሽኑ ላይ ምንም አይታይም፤ ጭነቱ ግን ወደ ብሮንዚናው ይሄዳል፣ ክራንኩም ይበልጥ ይታጠፋል። የእኔ ሦስተኛ ብሮንዚና ገና በፋብሪካው ዙር ምን እንደተሸከመ አይቻለሁ። 28 በመቶ ልጨምርበት ተነስቼ መከላከያውን ልቀንስበት አልፈልግም።

ትርፉስ? እሱንም አሰላሁት። ከካውንተርዌይቶቹ አንድ ኪሎ ብቀንስ፣ ከመሃሉ 7 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ቢሆን፣ የሚቀንሰው የመዞር ግትርነት 49 ኪሎ ግራም ሳንቲ ሜትር ስኩዌር ነው። ከቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ ከሚታሰረው ከባድ ጎማ መሰል ብረት) ላይ ሁለት ኪሎ ብቀንስ፣ ርቀቱ 12 ሳንቲ ሜትር ስለሆነ 288 ይሆናል። ስድስት እጥፍ ገደማ ነው። ሞተሩ ቶሎ ዙር እንዲያነሳ ከፈለግኩ ክብደቱን የማወርደው ከቮላኖ ነው፤ ክራንኩን አላደክምበትም።

ደግሞ መቼም የማይረሳ ነገር፦ ክብደት መቀነስ ሞተሩ ዙር የሚያነሳበትን ፍጥነት እንጂ በተረጋጋ ዙር ላይ የሚሰጠውን ጉልበት አይጨምርም። ጉልበት የሚመጣው ከቴስታታው፣ ከካምሻፍቱና ከአየር መንገዱ ነው። የክራንኩ ሥራ ያ ጉልበት ከፍ ባለ ዙር ሲመጣ መሸከም ነው።

ያደረግኩት የግራይንደር ሥራ

ታዲያ ምንም አልነካሁም ማለት አይደለም። ክራንኩ ሲቀጠቀጥ ሁለቱ ቅርጾች የተገናኙበት መስመር ላይ ሸካራ ጠርዝ ይቀራል። ይህ ጠርዝ ለስንጥቅ መነሻ ይሆናል፣ ዘይትም ይይዛል። እሱን በካርባይድ ጫፍ አነሳሁት፣ ከዚያ እየቀጠነ በሚሄድ የብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። የመጨረሻው የብርጭቆ ወረቀት ጭረት ክራንኩን ተከትሎ በርዝመቱ እንዲሄድ አድርጌአለሁ። ጭረት በጎን ከሆነ ብረቱ ሲታጠፍ እንደ ትንሽ ስንጥቅ ይከፈታል።

የካውንተርዌይቶቹን ስለታም ጠርዞች ደግሞ አጠጋጋሁ። ዘይቱን ቀድሞ የሚገጥመው ጠርዝ ክብ፣ ከኋላ የሚከተለው ቀጠን ያለ። ብዙ ሰው የፊተኛውን ይስላል፤ ነገር ግን በአየርም ሆነ በዘይት ጭጋግ ውስጥ ለስለስ ብሎ የሚያልፈው ፊቱ ክብ ጅራቱ ቀጭን የሆነ ቅርጽ ነው። በአጠቃላይ የወረደው ክብደት ጥቂት መቶ ግራም ነው። ከዚህ የበለጠ ጥቅም የማገኘው ኮፓው (ከሞተሩ ሥር ያለው የዘይት ገንዳ) ውስጥ ከማስገባው የዘይት መከለያ ነው፤ በክራንኩ የሚናጠውን ዘይት ከተጠራቀመው ዘይት ይለይልኛል።

ይህ ሁሉ ሲሠራ አንገቶቹ በወፍራም ጎማና ቴፕ ተጠቅልለው፣ የዘይት ቀዳዳዎቹም ተደፍነው ነበር። ግራይንደር አንዴ ሾልኮ አንገት ላይ ቢያርፍ ጣጣው ሬቲፊካ ነው። ፊሌቶቹን በፍጹም አልነካሁም። ፋብሪካው የሠራቸውን በእጅ ማሻሻል አይቻልም።

የዘይት ቀዳዳዎች

ዘይት ወደ ዋናው አንገት ይገባል፣ ከዚያ በክራንኩ ውስጥ በተቆፈረ ቦይ ወደ ቢየላው አንገት ይሄዳል። ቀዳዳው ከአንገቱ ገጽ ጋር የሚገናኝበት ከንፈር ስለታም ነበር። በሾጣጣ ድንጋይ ቀስ እያልኩ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ከፈትኩት፣ ከዚያ አለሰለስኩት። አብዝቶ መክፈት ጥሩ አይደለም። ቀዳዳው በሰፋ ቁጥር ጭነቱን የሚሸከመው የዘይት ንጣፍ ያንሳል።

ዋናውን አንገት ከጎን ወደ ጎን አሳልፎ መቆፈርን የሚመክሩም አሉ። ሐሳቡ አንገቱ በየትኛውም ቦታ ሲሆን ዘይት እንዲያገኝ ነው። ግን ልብ በሉ፤ ዘይቱ ከገጹ ተነስቶ ወደ መሃል መግባት ሊኖርበት ነው፣ የሚዞር ነገር ደግሞ ዘይትን ወደ ውጭ ይወረውራል። 48 ሚሊ ሜትር አንገት ላይ፣ በ8,500 ዙር፣ መሃሉ ለመድረስ ብቻ ወደ 1.9 ባር ግፊት ይበላል። ዙሩ ሲጨምር ይህ ግፊትም በስኩዌር ያድጋል። ዘይት በጣም በሚያስፈልግበት ሰዓት ማለት ነው። ስለዚህ አልቆፈርኩም። የላይኛው ብሮንዚና ቦይ ያለው፣ ጭነት የሚሸከመው የታችኛው ግን ሙሉ የሆነ ብሮንዚና ይበቃኛል።

በመጨረሻ ቦዮቹን በረጅም ብሩሽ፣ በሙቅ ውሃና ሳሙና፣ ከዚያ በማሟሟያ አጠብኩ። አየር ነፋሁበት። ነጭ ጨርቅ ሳሳልፍበት ጥቁር ነገር እስኪጠፋ ድረስ ደጋገምኩት። እዚህ ላይ መቸኮል አዲስ ብሮንዚና በመጀመሪያው ደቂቃ ያስበላል።

ማለስለስ

አንገቶቹ በ400፣ ቀጥሎ በ600 ቁጥር ቀበቶ ተወለወሉ። የመጨረሻው ውልወላ ክራንኩ ሞተር ውስጥ በሚዞርበት አቅጣጫ ነው። የወረደው ብረት በማይክሮሜትር ሲታይ ከሁለት ማይክሮን አልዘለለም። ማለስለስ ልኬትን መቀየር የለበትም።

ረቡዕ፦ ባላንስ

በጣም የምወደው ክፍል ይህ ነው። አሥር ግራም ሳንቲ ሜትር አለመመጣጠን ኢምንት ይመስላል፤ ከመሃሉ 10 ሳንቲ ሜትር ላይ የተለጠፈ አንድ ግራም ነው። በ4,000 ዙር የሚፈጥረው ኃይል 17 ኒውተን ገደማ ነው። በ8,500 ግን 79 ኒውተን ይሆናል። አንድ ግራም ብረት የስምንት ኪሎ ክብደት ያህል ይጎትታል፣ አቅጣጫውንም በየዙሩ ይቀይራል።

የመስመር አራት ሲሊንደር ክራንክ ቢየላ አንገቶቹ ላይ ምትክ ክብደት ሳይታሰር ባዶውን ባላንስ ይደረጋል። ብዙ የቪ-ቅርጽ ሞተሮች ምትክ ክብደቱን ይፈልጋሉ፣ የእኔው አይፈልግም። በምትኩ ፒስተኖቹና ቢየላዎቹ እርስ በርስ እኩል መመዘን አለባቸው። ፒስተኖቹን ከፒናቸው ጋር በአንድ ግራም ውስጥ አመጣኋቸው። የቢየላዎቹ ትልቅና ትንሽ ጫፍ ለየብቻ ተመዝኗል፤ ትልቁ ጫፍ የሚዞር ክብደት ነው፣ ትንሹ ደግሞ የሚመላለስ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ክራንኩ ብቻውን። ከዚያ የፊቱ ዳምፐር ፑሊ (ንዝረት የሚውጥ ጎማ ያለበት) ተጨምሮ። ከዚያ ቮላኖው፣ በመጨረሻ የፍሪሲዮኑ ክዳን። በየደረጃው የሚስተካከለው አዲስ የገባው ዕቃ ብቻ ነው። እንዲህ ከሆነ ነገ ፍሪሲዮን ብቀይር የክራንኩ ባላንስ አይነካም። የሚገጣጠሙበትን ቦታ ሁሉ በቀለም ምልክት አድርጌበታለሁ። ክራንኩ ሲገባ በአንደኛው ጫፍ 35 ግራም ሳንቲ ሜትር ነበረው፤ ካውንተርዌይቱ ጠርዝ ላይ በጥልቀት ተቆፍሮ ከ3 በታች ወርዷል።

በባላንስ የማይጠፋ ንዝረትም አለ። ክራንኩ ሩብ ዙር ሲዞር ፒስተኑ የምልልሱ ግማሽ ላይ አይደለም። በዚህ ሞተር ከግማሹ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይገኛል፣ ቢየላው ዘንበል ስለሚል። የላይኛውና የታችኛው ጉዞ ስለማይመሳሰሉ በየዙሩ ሁለት ጊዜ የሚመታ ንዝረት ይፈጠራል። አራቱም ፒስተኖች አንድ ላይ ይመቱታል እንጂ አይጣፋም። ይህን ለማጥፋት በሁለት እጥፍ ፍጥነት የሚዞሩ ተጨማሪ ዘንጎች ያስፈልጋሉ። የክራንኩ ባላንስ አይመለከተውም።

ዳምፐርና ቮላኖ

የፊቱን ፑሊ በቀላል አሉሚኒየም መቀየር ያጓጓል። አልቀየርኩትም። ክራንክ በየፍንዳታው ትንሽ ይጠመዘዝና ይመለሳል። ይህ መጠምዘዝ ከብረቱ የራሱ ንዝረት ጋር ሲገጥም በጣም ይጎላል። በፑሊው ውስጥ ያለው ጎማ ሥራው እሱን መዋጥ ነው። በዚህ ሞተር ደግሞ የዘይት ፓምፑ በቀጥታ የሚነዳው በክራንኩ አፍንጫ ነው። ዳምፐሩ ከሌለ መንቀጥቀጡን የሚቀበለው የፓምፑ ጥርስ ይሆናል። የድሮው ጎማ ስለደረቀ አዲስ ዳምፐር ገጥሜአለሁ።

ለቮላኖ የድሮውን ከማቅጠን ይልቅ ተቀጥቅጦ የተሠራ ቀላል ብረት መረጥኩ። 26 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቮላኖ በ8,500 ዙር ጠርዙ በሰከንድ 115 ሜትር ይሄዳል። የቀጠነ ካስት አይረን በዚህ ፍጥነት ቢፈነዳ የፍሪሲዮኑ ቤት አይዘውም፤ እግር አጠገብ ያለ ነገር ነው።

መግጠም

የዘይት ክፍተት ላይ ረጅም ሰዓት ሰጠሁ። ብዙ ጊዜ የሚሠራበት መነሻ የአንገቱን ስፋት በሺህ ማካፈል ነው። ለ48 ሚሊ ሜትር 0.048 ይሆናል። ፋብሪካው ከሚፈልገው ትንሽ ላላ ያለ ነው፤ በከፍተኛ ዙር ብዙ ዘይት አልፎ ሙቀቱን እንዲወስድ። በጣም ከላላ ግን ግፊቱ ይወርዳል። ካፖቹን በ60 ኒውተን ሜትር አስሬ፣ ብሮንዚናው ገብቶ፣ በውስጥ ጌጅ ከላይ ወደ ታች ለካሁ። በካፑ መገናኛ በኩል መለካት ያሳስታል፣ ብሮንዚናው እዚያ ላይ ሆን ተብሎ የቀጠነ ነው። ከ0.043 እስከ 0.048 አገኘሁ። በፕላስቲጌጅ (ሲጫን በሚሰፋ ቀጭን የፕላስቲክ ክር) ደግሜ አረጋገጥኩ፣ ተስማማ።

የቢየላ ቡሎኖቹ አዲስ ናቸው፣ ለውድድር የሚሠሩት ዓይነት። ያሰርኳቸው ምን ያህል እንደተለጠጡ እየለካሁ ነው። 2 ቶኑን የሚይዘው እነዚህ ቡሎኖች ናቸው። በከፍተኛ ዙር ሞተር ብሎክ ሲበሳ ብዙ ጊዜ የሚጀምረው ከቢየላ ቡሎን ነው። ፓምፑም ጠንካራ ጥርስ ያለው አዲስ ነው።

ክራንኩ ቢየላ ሳይገባበት በሁለት ጣት ይዞራል። ወደ ፊትና ወደ ኋላ 0.12 ሚሊ ሜትር።

ማስነሳት

ካንዴላዎቹን አውጥቼ የዘይት ግፊት እስኪመጣ ድረስ በሞተሪኖ አዞርኩት። ከዚያ ነው ያስነሳሁት። ሚኒሞው ከድሮው ትንሽ ይንቀጠቀጣል፤ ቮላኖው ስለቀለለ የሚጠበቅ ነው። ዙር ግን ቶሎ ይነሳል፣ ቶሎም ይወርዳል። ከ6,000 በላይ ድሮ መሪው ላይ ይሰማ የነበረው ንዝረት በጣም ቀንሷል።

ዘይቱ በደንብ ሞቆ በ8,000 ዙር 5.3 ባር አየሁ። በየ1,000 ዙሩ 0.7 ባር የሚለው የተለመደ መለኪያ 5.6 ያስፈልጋል ይላል። በትንሹ ጎድሏል። ወደ 8,500 ከመውጣቴ በፊት ከፓምፑ ማስተንፈሻ ሞላ ሥር ስስ ቀለበት አስገብቼ ግፊቱን ከፍ ማድረግ እፈልጋለሁ።

የመጀመሪያውን የዘይት ፊልትሮ ቆርጬ ወረቀቱን ዘረጋሁት። መልመጃ ላይ የሚጠበቅ ጥቂት ብልጭታ አለ፣ የብሮንዚና ቅርፊት የለም።

ለጊዜው የዙር መገደቢያው 8,000 ላይ ተቀምጧል። የቫልቭ ሞላዎቹም ገና የፋብሪካው ናቸው፤ ከዚያ በላይ ቫልቮቹን ካምሻፍቱ ላይ እንደማይይዙልኝ እገምታለሁ። ቀጣዩ ሥራ ሞላዎቹን በጭነት መለኪያ መፈተሽና መቀየር ነው። ከዚያ በፊት ግን ኮፓውን አውርጄ የሦስተኛውን ዋና ካፕ ብቻ እከፍታለሁ። የታችኛው ብሮንዚና ወጥ የሆነ ግራጫ ገጽ ካሳየኝ መገደቢያው ወደ 8,300፣ ቀጥሎም ወደ 8,500 ይሄዳል። መሃሉ ካብረቀረቀ ክፍተቱን እንደገና እለካለሁ።